ሁሉን «ግሩም ነው» የሚል ባል

ያረረ ምስር ሽታው አጥር ይዘላል። እኔ ክፍሌ ውስጥ ጋደም ካልኩበት አፍንጫዬን ይዤ ተነስቼ ማድቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ተከራዬ ግን ድስቱ ላይ አጎንብሶ፣ እንፋሎቱን በረጅሙ ሳበና፣ «ውይ፣ ሽታው! ግሩም ነው፣ ሆዴ» አላት።

ሚስቱ ከእናቷ ጋር ስልክ ስታወራ ቆይታ መግባቷ ነበር። አማስል ብላ አደራ ሰጥታው ነው የወጣችው። ማማሰያውን ተቀብላ ከሥሩ ብትፍቅ ጥቁር ቅርፊት ይዞ ወጣ። አንዴ ቅርፊቱን አየች፣ አንዴ እሱን።

«እየቀለድክብኝ ነው?»

«ምን አልኩ? ግሩም ነው አልኩ እንጂ!»

ሳቅ ብላ የምታልፈው መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። መንገድ ላይ «አላወቅሽኝም?» ብሎ ያስቆማትን ሰው እንደምታይ አድርጋ አየችው። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ሆዴ ባባ፤ እሱ ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተ ገምቱ።

ነገሩን ከመሃል የምትሰሙ እንዳትደናገሩ እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ሰውዬው ጋራዥ ውስጥ መኪና ላይ ቀለም የሚረጭ ነው። ሰፈሩ ቀለሜ ይለዋል። ተማሪ ነበር ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠው አጥሩን ሊቀባ ነው። እሷ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፣ ፋርማሲስት። አባቷ ሲሚንቶና ብረት በጅምላ ይሸጣል፤ ከተማው ውስጥ ቀና ያለ ፎቅ ካያችሁ ግማሹ የእሱ ብረት ነው።

የተገናኙት በራስ ምታት ነው። ክኒን ሊገዛ ገባ፤ እሷ ክንዱን አስራ የደም ግፊቱን ለካችው።

«ይኼ ያንተ ግፊት ነው ወይስ የአያትህ?» አለችው።

«አያቴማ ሞቷል።»

«እንግዲያው ልትከተለው ነዋ። ምንድን ነው የምትበላው?»

«ጋራዡ በር ላይ የሚጠበሰውን።»

«ቤትህ አብስል።»

«አልችልም።»

«መኪና የሚያሳምር እጅ ካሮት መክተፍ ያቅተዋል?»

ይኼው ነው። ፍቅር ከካሮት ይጀምራል ቢሉኝ ዱሮ ተፍቼ ነበር የማልፈው። ሲጋቡ አባቷ አልመጣም። እናቷ መጣች፣ ወንበር ቀረበላት፣ ሳትቀመጥ ሄደች። ኋላ አባትየው መልእክት ላከ፤ «ልጄን ከወሰደ አይቀር መጋዘኔ መጥቶ ይሥራ፣ ከዓይኔ አይጥፋ» ብሎ። ቀለሜ፣ «የአማቴን ቁልፍ ወገቤ ላይ አላንጠለጥልም» አለ። እሷም አልፈረደችበትም። አንድ ነገር ብቻ አስማለችው፤ ቀለም ሲረጭ ማጣሪያ ያለውን ጭምብል ሊያደርግ። ማለላት።

የእኔን ሁለት ክፍል ተከራይተው ገቡ። ማድቤቱ የጋራ ነው፣ ማለትም የእኔ ነው። አንድ ቀን እሱ ይከትፋል እሷ ታበስላለች፣ በማግስቱ ይለዋወጣሉ። የጨው ዕቃውን ክፍሌ አምጥተው አስቀመጡት፤ ጨው እስረኛ፣ እኔ ዘበኛ ሆንኩ። በጨው ፈንታ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። እኔ ለፋብሪካ ሠራተኛ በዘይት የሚንሳፈፍ ወጥ ስሠራ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት፣ «ይኼ የበሽተኛ ጉርሻ ነው» ብዬ ሳሾፍባቸው ከረምኩ። ትንሽ ቆይቶ እኔም ቀላውጬ መብላት ጀመርኩ። ጉልበቴ እንደቀለለኝ ግን አልነገርኳቸውም፤ ለምን ይኮሩብኛል?

ማየት ደስ የሚለው ሲቀማመሱ ነበር። አንድ ማንኪያ ነው ያላቸው። እፍ እፍ ብላ አብርዳ ታቀምሰዋለች፤ ከንፈሩን እያየች፣ «እህ?» ትላለች። እሱ መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ፣ «ዝንጅብሉ በዝቷል» ይል ነበር፣ «ዱባው ገና ነው» ይል ነበር። ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ግፊቱም ወረደ። ከክረምቱ ወዲህ ግን ሰውዬው አንድ ቃል ብቻ ቀረው። ወጡ ቀጠነ፣ ግሩም ነው። ጎመኑ ከረረ፣ ግሩም ነው። ወተቱ ተበላሽቶ እሷ ልትደፋው ስትል ብድግ አድርጎ ሊያፈላው ሄደ።

የምስሩ ዕለት ድስቱን ደጅ እየፈተገች አጠገቤ አለቀሰች።

«እማማ፣ እኔን እኮ እንደ እንግዳ ነው የሚያመሰግነኝ።»

«ምስጋና በዛብኝ ብላ የምታለቅስ ሴት ዛሬ ገና አየሁ» አልኳት። «የእኔ ባል ጨው አነሰው ብሎ ሳህን ወርውሯል፣ ታውቂያለሽ?»

ፈትጋ ፈትጋ ቀና አለች። «የወረወረው ቀምሶ ነዋ፣ እማማ።»

ለድስቱ ውሃ አፈሰስኩላት። 

«የሀብታም ልጅ ናት፣ ትሄድብኛለች ብሎ የሚፈራኝ ይመስለኛል» አለች። «ፈርቶ ነው የሚያሞግሰኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ አይጥምም ቢለኝ ምን አለ?»

እጇ ላይ ያለው ጥላሸት እስከ ክርኗ ወጥቶ ነበር። ልታጥበው እንኳ አልፈለገችም።

*

ከዚያ ወዲያ ማድቤቱ ዝም አለ። የቢላው ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ኳ ኳ ኳ። እሱ ይከትፋል፣ እሷ ታማስላለች፣ ጀርባ ለጀርባ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሎሚ ልወስድ ገባሁ። እሷ ማንኪያውን ነክራ ለራሷ ብቻ ቀመሰችና አስቀመጠችው።

«እኔስ?» አለ፣ ሊቀልድ እየሞከረ። «ከቅምሻ ተባረርኩ?»

«ምን ያደርግልሃል? መልስህን አውቀዋለሁ።»

ቀና ብሎ አያት። ሰው ሲሰርቅ ተይዞ የሚያይበት ዓይን አለ፤ ያ አልነበረም። ጨለማ ውስጥ ደረጃ የሚወርድ፣ እግሩ ቀጣዩን እርከን ያጣ ሰው ዓይን ነበር። እኔ አየሁት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ነበርና አላየችም። በኋላ ስንት ጊዜ «ያኔ ዞር ብትል ኖሮ» ብያለሁ!

«እማዬ እሑድ ትመጣለች» አለችው ሳትዞር። «ምሳ የምንበላውን ልትበላ።»

«ሳትቀመጥ?»

«ትቀመጣለች። ከዚያ ትንሽ ጊዜ እኛ ቤት ቆዪ ብላኛለች። እሺም እምቢም አላልኳትም።»

ቢላው ቆመ።

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?»

«አላውቅም። እኔ የምፈልገው እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ያለበት ቤት ነው። እናቴ ክፉም ብትሆን የምታስበውን ትናገራለች።»

እኔ ሎሚዬን ይዤ ግድግዳ ሆኛለሁ። መውጣትም አፈርኩ፣ መቆምም አፈርኩ። እሱ የከተፈውን ካሮት በመዳፉ ሰበሰበው፣ በተነው፣ መልሶ ሰበሰበው።

«እሑድ እኔ ላብስል» አለ በመጨረሻ። «ለብቻዬ። አንቺ አትንኪ። እናትሽ የእጄን ትብላና ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

«አብረን ነበር እኮ የምናበስለው» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

ሁለቱም ያን «ነበር» የሚል ቃል ሰሙት። ማን ያንሳው? ወለሉ ላይ እንደወደቀ ቀረ።

*

እሑድ ጠዋት ቀለሜ ወለሉን ወለወለ፣ መስኮቱን አጠበ፣ ዝንብ አማቴን ትቀድማለች ብሎ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ዱባና ምስር ለሾርባ ጣደ። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮት ደረደረ። ሬዲዮውን ከፈተ። ሸሚዙ የሠርጉ ሸሚዝ ነበር።

እኛ ጠረጴዛውን ጓሮ፣ ዛፉ ጥላ ሥር አወጣነው። እናትየው መጣች። ጫማዋ ሹል፣ ቦርሳዋ ሹል፣ ንግግሯም እንዲሁ። ወንበሩን በመሐረብ አብሳ ተቀመጠች። እኔ ግን ልቤ ዘለለ፤ ተቀመጠች እኮ!

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ። «ልጄ ደህና ትበላለች?»

«ልጅሽ ጉንጭ አውጥታለች፤ መነጽር ረስተሽ ነው የመጣሽው?»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግታዋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ውሃ ላምጣ» ብላ ተነሳች። ማድቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ጀርባዋ ደረቀ። እኔም ከኋላዋ ሄድኩና ያን ጊዜ መታኝ።

ጋዝ። ጉሮሮ የሚይዝ፣ የበሰበሰ ነገር የሚመስል ሽታ። ሾርባው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ጋዙ በተዘጋው ቤት ውስጥ እየተነፈሰ ነው። ቀለሜ መሃሉ ላይ ቆሞ ከሬዲዮው ጋር እያንጎራጎረ ካሮት በቀጭኑ ይከትፋል። ካሮቱን ጨርሶ ወደ ድስቱ ዞረ።

«አይ፣ ጠፋ እንዴ?» አለ ለራሱ። ክብሪቱን አነሳ።

«አትጫር!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያች ለስላሳ ልጅ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። እሱ ክብሪቷን ቀፎው ላይ እንዳስደገፈ ደንዝዞ ቀረ። ዘላ ገብታ እጁን መታችው፣ ክብሪቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጋዙን ዘጋች፣ መስኮቱን በረገደች፣ ሸሚዙን ጨምድዳ እየጎተተች ጓሮ አወጣችው።

«ልትገድለን ነው? አይሸትህም?»

«ምኑ?» አለ።

ያችን አንዲት ቃል ሲል ፊቱ ላይ ምንም ተንኮል አልነበረም። እናትየው መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ቆማለች፤ እኔ እያሳለኝ ነው፤ የጎረቤት ውሻ እንኳ ያስነጥሳል። እሱ ብቻ ንጹሕ አየር ላይ እንዳለ ሰው ያየናል።

ልጅቷ ሸሚዙን ለቀቀች። ለሰላጣው የተዘጋጀ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት ከጠረጴዛው አንስታ አስያዘችው። ክንዱን ይዛ ሽንኩርቱን ወደ አፍንጫው አመጣችው።

«ይኼስ?»

በረጅሙ ሳበ፤ ሽንኩርቱን ዝቅ አደረገ።

ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች። «ይኼስ?»

ፊቱን አዞረ። 

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ቁጣው ከድምፅዋ ወጥቶ ሄዷል፤ የቀረው ከቁጣ የባሰ ነው።

«መጀመሪያ የጠፋኝ ሽታ የምግቡ አይደለም» አለ። «የፀጉርሽ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ተኝተሽ እንደ ሁልጊዜው ተጠግቼ ሳብኩ። ምንም የለም። ሳሙና ቀይራ ይሆናል አልኩ። በማግስቱም የለም። ከዚያ የቀለም ማቅጠኛው ቲነር ጠፋኝ፣ ከዚያ እሳቱ፣ ከዚያ ሁሉም ጠፋ።»

«ጭምብሉስ? ምለህልኝ አልነበር?»

«ሊያስረዳሽ የሚችል ሰው የለም» አለ። «ቀለም እኮ በአፍንጫ ነው የሚታወቀው። መቼ ቀጠነ፣ መቼ ደረቀ፣ ሁለተኛውን ልደርብ ወይስ ልቆይ፣ በጠረኑ ነው። ጭምብሉን ሳደርግ ዕውር ሆንኩ። አወለቅሁት። አሁን ይኼው፣ በምኑም አላይ።»

«እኔ የፈለግኩት እንድትነግረኝ ነበር!»

«ብነግርሽ ሥራውን ተው ትይኛለሽ። ብተው የአባትሽ መጋዘን ነው። አንቺ ያገባሽው ቀለም ቀቢ ነው፤ መጋዘን ጠባቂ ነኝ ብዬ እንዴት ቤቴ ልግባ?» ሽንኩርቱ ከእጁ ወደቀ። «ስታቀምሽኝ ጨዋታው ይጠፋብኛል ብዬ ነው ግሩም የምለው። ማንኪያውን ይዘሽ ከንፈሬን ስታዪ… እሱን ነበር የማጣጥመው። ያ አይዋሽም፣ ሆዴ። ያ ግሩም ነበር።»

እናትየው ቦርሳዋን ከጠረጴዛው አነሳች።

«የሰማሁት ይበቃኛል» አለች። «ዛሬ ውሃ ልታመጪ ባትነሺ እኔም አንቺም እኚህ እናትም አብረን አመድ ነበርን። ግቢና ልብስሽን ያዢ፣ ልጄ። መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ።»

ልጅቷ ማንንም ሳታይ ወደ ክፍላቸው ገባች።

እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በሠርጉ ሸሚዝ። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት ሰማን። መሳቢያ ሲሳብ ሰማን። አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማን፤ ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። እናትየውም መኪናዋ ጋ አልሄደችም፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ እንደቆመች ናት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እትዬ» አላት መሬቱን እያየ። «አይውሰዷት አልልም፤ እርስዎ እናት ነዎት። ግን ምሽት ምሽት ከበድ ያለ ነገር አይስማማትም፤ ለስላሳ ሾርባ ይስሩላት። እሷ እኔን ስታበላ ራሷን ትረሳለች።»

እናትየው የቦርሳዋን መዝጊያ ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። እኔም እንዲህ ስትጨነቅ ሳያት ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት።

በሩ ተከፈተ። ሻንጣ አልነበረም። የሥራ ቱታውን ነበር የታቀፈችው፤ ቀለም ጠጥቶ የደረቀ፣ ብቻውን አቁሙት ቢባል የሚቆም። አምጥታ እግሩ ሥር ጣለችው።

«ይኼ ወይም እኔ» አለች።

«ሌላ ሥራ አላውቅም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ምን እሆናለሁ?»

«አላውቅም። የአባቴን መጋዘን ማን አነሳብህ? አንድ ቀን ሂድ ብዬህ አውቃለሁ? ወይ ሀብታም ሁን አልኩህ? እኔ ያልኩህ ተንፍስ ነው! ተንፍስ ብቻ!» እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገችውም። «ነገ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ካልሸተተህ አልሸተተኝም በል፤ ካልጣመህ አልጣመኝም በል። እንዲያው ሳህን ወርውር፣ ግን አትሸንግለኝ።»

ቱታው ላይ አፈጠጠ፤ እኔ በሆዴ «አንተ ደንቆሮ፣ አፍህን ክፈት!» እያልኩ ነው። እሱ ቱታውን አነሳ። እጅጌዎቹን አስተካክሎ አጣጠፈ፣ እንደገና አጣጠፈ፣ የሞተ ዘመድ ልብስ እንደሚታጠፍ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

«እማማ፣ ለወለል መወልወያ ይሆንዎታል?»

«ቀለም የጠገበ ጨርቅ ውሃ አይጠጣም» አልኩት። «ጣለው፣ ልጄ።»

ሄዶ ጣለው። ሲመለስ እጆቹን የት እንደሚያስቀምጥ አያውቅም ነበር። እሷ አንዱን ያዘችለት።

*

እሳት የሚለኩስ ጠፋ። ልጅቷ ክብሪት ማየት አልቻለችም። ስለዚህ የተከተፈውን ካሮትና ቲማቲም፣ ሰላጣውን፣ ሎሚ ጨምቀንበት በዳቦ በላን። እናትየው ሹካዋን ይዛ ብዙ አሰበችና በላች። ጨው ብትፈልግም አልጠየቀችም፤ እኔም አላመጣሁላትም።

ስትሄድ እስከ በር ሸኘኋት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስታወቱን አወረደች።

«እማማ» አለችኝ፣ መሪውን እያየች። «የእኔ ባል አፍንጫው ደህና ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን አብስዬለት፣ ምን እንደበላ ቢጠይቁት አያውቅም።»

መስታወቱን ዘጋችው። መኪናውን ግን ቶሎ አላስነሳችም።

ስመለስ ሁለቱ ማድቤት ነበሩ። ልጅቷ የጋዙን መክፈቻ ነክታ ታያለች፣ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትነካለች። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በዓይኑ ይከተላታል።

«አይመለስም ቢሉኝስ?» አላት።

የመድኃኒት ሰው ናት። አይዞህ ማለት ታውቅበታለች፤ ቀን ሙሉ ስትል ነው የምትውለው። አላለችውም።

«ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል» አለች። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። «ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አለ። «እኔም በጣም።»

ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ያን የሚያህል ሸክም እስካሁን ለብቻው ይዞት እንዴት እንደቆመ እሱ ያውቃል።

በሩን ልዘጋላቸው እጄን ሰደድኩና ተውኩት። አየር ይግባላቸው።